ልጅ መያዝ ሥራ ነው ወይ?

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ንጽሕና ጥቅም አንድ ድርሰት አስረክቤ ነበር፤ እሱም ቢሆን መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈልንን ሁላችንም ገልብጠን ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍሁት የሐኪም ቤት ካርድ ብቻ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም። ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው «እኔ እንጃ፣ አይተሽ ሙዪው» ይሉኛል፤ አይቼ እሞላለሁ። ሕመማቸውን ስጠይቃቸው ግን ከአያታቸው ቀብር ጀምረው ይነግሩኛል፤ እኔ «ሆድ» ብዬ እጽፋለሁ። ካርዱ ቦታ የለውም። ይህ ደብተር ቦታ ስላለው፣ ነገሬ ቢረዝም ልኩን ስለማላውቀው ነው።

በሰቆጣ ሐኪም ቤት ብቸኛዋ ሴት ሠራተኛ እኔ ነኝ። እጠርጋለሁ፣ መርፌና መቀስ እቀቅላለሁ፣ ካርድ እጽፋለሁ፣ ወረፋ አስይዛለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ወረፋው ነው፤ በሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ሕመምተኞቹ ራሳቸው «ዝም በሉ፣ ልጅቷ ልትናገር ነው» እየተባባሉ ያግዙኛል። ባሌ ፖሊስ ነው፤ ጽጽቃ ተመድቦ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይላል። እናቴ በሕይወት የለችም።

በዚህ ሁኔታ ላይ ነው ልጅ የወለድሁት፤ ሴት። በአገራችን ወንድ የወለደች በአርባ ቀን፣ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀን ክርስትና አስነሥታ ከቤት ትወጣለች። የሐኪም ቤቱ አለቃ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ድሬሰር ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይበልጥም፣ እኔ ግን አንቱ እለዋለሁ። እሱም ክርስቲያን ነውና ሰማንያውን ቀን ያውቀዋል፤ ሰማንያ ቀን የማያውቀው የሠራተኛ መዝገቡ ነው። ስመለስ መዝገቡን እያገላበጠ፣

«ወንድ ብትወልጂ ኖሮ አርባ ቀን ታተርፊልን ነበር» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ለምን እንደ ጠየቅሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ቀን ልጄን በአንቀልባ አዝዬ መርፌ ስቀቅል ዋልሁ። በውስጠኛው ክፍል አንድ ሕፃን ተወግቶ ሲጮህ የእኔዋ ሰማችና ጮኸች። የእሷን የሰሙት በወረፋ ያሉት ሕፃናት ጮኹ። ጥርሱን ሊያስነቅል ከገጠር የመጣ አንድ ትልቅ ሰውዬ «እዚህማ ሰው እየታረደ ነው» ብሎ ጉንጩን ይዞ ሄደ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰውዬው ከአጥሩ እስኪወጣ አየው።

«ልጅ አዝሎ መርፌ መቀቀል አይሆንም» አለኝ። «ሁለት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ። ካጣሽ ግን...»

አልጨረሰውም፤ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ውጭ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ድንጋይ ላይ፣ ሥራዬን ስለቅ ሊተካኝ የሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል። የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ወንድም ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከድንጋዩ ብድግ ብሎ ሰላም ይለኝና «ልጅቷ እንዴት አደረች? ሰው ተገኘላት?» ይለኛል። ስድስት ልጆች አሉት። እነሱን ማን እንደሚይዝለት የጠየቀው የለም።

መጀመሪያ በገበያተኛ ወደ አማቴ ላክሁ። አማቴ ሰሃላ ናቸው፤ በእግር ሁለት ቀን። መልሳቸው በሳምንቱ ደረሰኝ፦ «ፍየሎቼን ለማን ትቼ ልምጣ?»

እውነታቸውን ነው። ደግሞም ፍየል ጠባቂ ቢፈልጉ ዋጋው በአገር የታወቀ ነው፤ በዓመት ይህን ያህል ቁና እህል፣ አንድ ልብስ፣ ከግልገሎቹም አንዲት። በሽማግሌ ፊት ይዋዋላሉ። ፍየል ከጠፋች ጠባቂው ቆዳዋን ያሳያል ወይም ይተካል። የልጅ ጠባቂን ዋጋ ግን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ቀንድ ቢኖራት ኖሮ ነገሬ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

ጎረቤቴ ጠላ ሻጭ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ፣ ቤቷ ከሰው የማይለይ። የአማቴን መልስ ሳልጠብቅ እሷን ልለምን ሄድሁ። በሩ ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝና ወንፊት አውሺኝ አልኋት። በማግስቱ ሄጄ ጨው ለመንኋት። በሦስተኛው ቀን እሳት ልጭር ብዬ ገባሁ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ቤትሽ እየጨሰ ምን እሳት ትጭሪያለሽ? ባልሽ ነው የመታሽ?»

«ባሌ ጽጽቃ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ እጁ እስከዚህ ይደርሳል ወይ ብዬ ነው። ተናገሪ እንጂ! ወንፊቴንም አልመለስሽ!»

ነገርኋት። ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«ለዚህ ነው ሦስት ቀን የተመላለስሽው? በይ ነገ አምጫት!»

«ዋጋውን...» አልሁ መሬት መሬት እያየሁ።

ሳቋ ተቋረጠ። «የምን ዋጋ? እኔን ገረድ ልታደርጊኝ ነው? ልጅ መያዝ ደግሞ ምን ሥራ ነውና ይከፈልበታል!»

በነጻ ሆነልኝ። ነገሬን ያበላሸውም ይኸው ነው። ልጅ መያዝ ሥራ ስላልሆነ፣ ሥራ በመጣ ቁጥር ወደ ጎን ይባላል። በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ላጠባ ስመጣ ጎረቤቴ ጌሾ ትወቅጣለች፤ ልጄ የለችም።

«ውይ፣ ጌሾው ዐይኗን እንዳያቃጥላት ብዬ ከእኛ በላይ ላለችው ጥጥ ፈታይ ሰጠኋት» አለችኝ።

ፈታይዋ ጋ ሄድሁ። ፈታይዋ ጥጡ ወደ አፏ እየገባ አስቸግሯት በርበሬ ለምትሸጠው ሴት ሰጥታታለች። በርበሬ ሻጯ ለቅሶ ሊደረስ ነው ተብላ ተጠርታ፣ «ልጅ ይዤ ሬሳ ቤት አልገባም» ብላ በመንገድ ለአገኘቻት ሴት ሰጥታታለች። ሁሉም ጥሩ ምክንያት ነበራቸው። ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ልጄን አይቻት በማላውቃት ሴት ጭን ላይ አገኘኋት። አናቷ ቅቤ ተቀብቷል። ጠግባ ተኝታለች።

«የማን ናት?» አልኋት ሴትዮዋን። የእኔ መሆኗን አውቃለሁ፤ ሌላ የምናገረው ጠፍቶኝ ነው።

«እኔ እንጃ፣ እናቷ መንግሥት ቤት ትሠራለች አሉ። ምስኪን! ወልደው የሚጥሉ አሉ አይደል?»

«አዎ፣ አሉ» አልሁ።

ተነሥቼ ልሄድ አልችል፣ የእኔ ናት ልል አልችል። ጡቴ ግን ከእኔ ይልቅ ደፋር ነው፤ ቀሚሴን አረጠበው። ሴትዮዋ ደረቴን አየች፣ ቀጥላ ፊቴን አየች።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች፤ ልጅቷንም የተዋሰችውን ዕቃ እንደምትመልስ አድርጋ ሰጠችኝ።

ሐኪም ቤት የገባሁት ከሰዓት በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሟል። ድንጋዩ ላይ ያለው ሰው ብድግ አለና «እንኳን ተገኘችልሽ» አለኝ። ከልቡ ነው። ድንጋዩን ግን አልለቀቀም።

የወሩ ሚካኤል ዕለት አንድ ነገር አስተዋልሁ። ሐኪም ቤቱ የወር በዓል አያከብርም፣ በሽታ ስለማያከብር፤ እኔም ሥራ ነበርሁ። በምሳ ሰዓት ስመጣ ጎረቤቴ፣ ፈታይዋና በርበሬ ሻጯ በልጄ ሊጣሉ ደርሰዋል። «ለእኔ ስጪኝ፣ አንቺ ጠዋት ይዘሻታል!» «እጄ ሥራ ፈትቶ ምን ላድርገው?» ለካ በበዓል አይወቀጥም፣ አይፈተልም፣ አይፈጭም። ልጅ መያዝ ግን ሥራ ስላልሆነ አልተከለከለም።

ተመልሼ በተበላሸ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍሁ፦ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ። ዐሥር ቀን ሞላልኝ። ምነው ሠላሳውም ቀን በዓል በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ይህን ስመኝ ነው ሠላሳውን ቀን ሁሉ የሚያከብሩ አንድ ሰው በከተማው መኖራቸው ትዝ ያለኝ።

እማሆይ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ከመነኮሱ ጀምሮ አንድ ቀን ሳያከብሩ ውለው አያውቁም፤ ታዴዎስንም፣ ሐናንም፣ እስጢፋኖስንም፣ ማርቆስንም። በዚህ ምክንያት እንዝርት ነክተው፣ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ያያቸው የለም። በከተማው ስማቸው የተነሣ እንደሆነ ሰው ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ይይዛል። ጎረቤቴንማ ስነግራት፣

«እሳቸው? እሳቸው ሥራ የሚጀምሩት ወሩ ሠላሳ አንድ ቀን የሆነ ዕለት ነው!» አለችኝ።

«ጳጉሜንስ?»

«በጳጉሜን ጸበል አለባቸው!»

ሁለቱ ሳምንታት ሊያልቁ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሄድሁ። በሩ አጠገብ ካለው ግንብ ሥር ተቀምጬ ቆየሁ። እማሆይ ጸሎታቸውን ጨርሰው ወጡ።

«ልጄ፣ ምጽዋት ልትሰጪ ነው የመጣሽ ልትጠይቂ?»

«ልጠይቅ ነው፣ እማሆይ።»

ነገርኋቸው። እያዳመጡ ልጄን በአገውኛ ያጫውቷታል፤ እሷም የገባት ይመስል ታዳምጣቸዋለች። ከዚያ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና አሰቡ።

«ልጅ መያዝ ሥራ ነው ወይ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ሥራ ነው ብል አይዙልኝም። ሥራ አይደለም ብል፣ የራሴን ጀርባ ነው የምዋሸው። መቁጠሪያቸውን ብቻ አየሁ።

«ዛሬ አቡነ አረጋዊ ነው፣ ነገ ቂርቆስ፣ ከነገ ወዲያ ኪዳነ ምሕረት። ሥራ ከሆነ አልችልም። ሥራ ካልሆነ እሺ። ግን ይህን እኔ አልፈርደውም፤ የነፍስ አባቴን ልጠይቅ።»

እንጀራዬ በአንድ ቄስ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተገናኘን። ቄሱ ጥያቄውን ሲሰሙ ሳቁ።

«ይኼማ ምኑ ሥራ ነው! ሴቶች ተቀምጠው የሚይዙት አይደለም እንዴ? እኔ ራሴ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ አንድም ቀን ሥራ ሆኖብኝ አያውቅም።» ወደ እኔም ዞር ብለው «ሥራ ስላልሆነ ግን ደመወዝ የለውም፣ ልጄ። ምጽዋት ሌላ ነው፤ ምጽዋት በየትኛውም ቀን ይሰጣል» አሉኝ።

ጫማቸውን ስሜ ወደ ሥራዬ ሮጥሁ።

ምጽዋት ከደመወዝ እንደሚከብድ የገባኝ በኋላ ነው። ደመወዝ ቢሆን አንድ ልክ ይኖረው ነበር። ሽሮ ስወስድላቸው፣ እህል ስወስድላቸው፣ እማሆይ አነሰ ብለው አያውቁም። «ለነፍስሽ ነው፣ ልጄ» ብቻ ይላሉ። በመንገድ ላይ ስለ ነፍሴ ሳስብ እሄድና በሚቀጥለው ጊዜ እጨምራለሁ።

ቢሆንም ሥራዬ ተረፈ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላረፈድሁም። አለቃዬ ስለ ልጄ መጠየቁን ተወ፤ የጠየቀኝ የድንጋዩ ሰው ብቻ ነው። ጥያቄውን ግን ለውጦታል። «እማሆይ ደኅና ናቸው? ጤናቸው እንዴት ነው? ዕድሜያቸው ገፋ አይደል?» ይለኛል።

ልጄ ዳዴ ማለት ጀመረች። ከዚያ ግድግዳ ይዛ መቆም። የእማሆይን ጧፍ ነክሳ በላች። ጸበላቸውን ደፋች። መቁጠሪያቸውን በጥሳ ፍሬውን በጎጆው ሁሉ በተነችው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስገባ እማሆይ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ቆባቸው ወደ አንድ ጆሯቸው ዘምሟል፣ በአንድ እጃቸው የልጄን ቁርጭምጭሚት ጨብጠዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ሥራ ነው።»

«አባ እኮ ሥራ አይደለም ብለዋል፣ እማሆይ።»

«አባ ምን ያውቃሉ! ሰባት ወር ሙሉ ሠርቻለሁ። ስንት በዓል ሻርሁ! በታዴዎስ ሠርቻለሁ፣ በሐና ሠርቻለሁ፣ በመድኃኔ ዓለም እንኳ!» እንባቸው መጣ።

ንስሐ ሊገቡ ሄዱ፤ ቄሱ አልቀበል አሏቸው። ያልተሠራ ኃጢአት አይናዘዙትም አሉ። እማሆይም በነገሩ እልህ ገቡና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔንም ልጄንም ይዘው ቄሱ ቤት ሄዱ።

«አባ፣ ሥራ አይደለም ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ደጅ ሆኜ ዳዊቴን ደግሜ እስክጨርስ ይያዙልኝ።»

ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ቄሱ መጀመሪያ ደስ አላቸው። ልጄ ጺማቸውን ያዘች። ጺማቸውን ሲያስለቅቋት የእጅ መስቀላቸውን አፏ ውስጥ ከተተች። መስቀሉን ሲወስዱባት ጮኸችና የጥምጥማቸውን ጫፍ አግኝታ ጎተተችው፤ ተፈትቶ አለቀ። መሬት ላይ ሲያወርዷት ወደ ምድጃው ሄደች። ጎትተው ሲመልሷት እንደገና ሄደች። ተነሥቼ ልይዛት ስል እማሆይ ከደጅ በዐይናቸው አስቀመጡኝ።

«አንቺ!» ብለው ቄሱ ባለቤታቸውን ተጣሩ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ፤ አልገቡም፣ መቃኑን ተደግፈው ቆሙ። «ምን ሆኑ? ሰባት አሳድገው የለም እንዴ?»

«ነይ ያዥልኝ!»

«ዛሬ እሑድ ነው፣ አባ። እኔ በሰንበት ሥራ አልሠራም።»

እማሆይ ከዳዊቱ ግማሹን እንኳ አላደረሱም። ቄሱ ላባቸውን በጥምጥማቸው እየጠረጉ ወጡ፤ ልጄን በሁለት እጃቸው ከሰውነታቸው አርቀው ይዘዋታል።

«ሥራ ነው» አሉ። «የለየለት ሥራ ነው።»

እማሆይ ድል ያደረጉ ያህል ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ነው ያሸነፉት ነገር ምን እንደሆነ ለሁለታችንም የገባን። ቄሱ ስለ ሰባቱ ወር ኃጢአት አርባ አንድ ስግደት ሰጧቸው። ከዚያ፣

«ከዛሬ ወዲያ ግን በበዓል ቀን አይያዙ» አሉ።

«በየትኛው በዓል፣ አባ?»

«እርስዎ በሚያከብሩት።»

ወጣን። እማሆይ ልጄን ተቀበሉኝ፤ ትከሻቸው ላይ ተኛች። በመንገዱ ሁሉ ነገ ድንጋዩ ላይ ያለው ሰው ብድግ ሲል አየሁት። ስድስቱ ልጆቹም ታዩኝ፤ እንጀራው ለእነሱ ይሆናል ብዬ ልጽናና ሞከርሁ፣ አልጽናና አልሁ። ለእማሆይ የምናገረውን የምስጋና ቃል በልቤ አሰናዳሁ። ከጎጆዋ በር ስንደርስ ግን እንደ ልማዴ ጠፋኝና ልጄን ለመቀበል እጄን ብቻ ዘረጋሁ።

እማሆይ አልሰጡኝም። ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«አርባ አንድ ስግደት ለሰባት ወር» አሉ። «እኔ እኮ ያን ያህል በአንድ ጠዋት እሰግዳለሁ።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም።

«አባ ርካሽ አደረጉት» አሉ ደግሞ፣ ለራሳቸው። ልጄን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ፣ ነጠላዋን አስተካከሉላት፣ ገብተው በሩን ሊዘጉ ጀመሩ።

«እማሆይ» አልሁ፣ እንዴት ድምፄ እንደ ወጣ አላውቅም፣ «ነገ እኮ የ...»

«ነገ የማን ቀን እንደሆነ እንዳትነግሪኝ» አሉኝ። «ልጅቷን ብቻ በጊዜ አምጫት።»